የሃሌሉያ ጆሮ

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ለቤቱ ነዋሪዎች በሙሉ! የአቶ ባልቻ የማንበቢያ መነጽር ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በገዛ ባለቤቱ መቀመጫ በደረሰበት ከባድ ጫና፣ የግራ እግሩ ተሰብሯል። ተጎጂው በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር የመጀመሪያ እርዳታ ተደርጎለት በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል። የአደጋውን መንስኤ የሚያጣራ አንድ አባል ያለው ኮሚቴ ተቋቁሟል። አባሉ ተከሳሹ ራሱ ነው።

ደብተሩን የገዛችልኝ ልጄ እሌኒ ናት። ሐኪሜ «የየዕለቱን ይጻፉ፣ ለማስታወስ ይረዳዎታል» ብሎ። እኔ የምረሳው የደም ግፊት ክኒኔን ብቻ ነው፣ እሱንም ሆን ብዬ። እሌኒ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ስለሆነች ሥራዋን እቤት ይዛ መጥታ በእኔ ላይ ትቀጥላለች።

ሃሌሉያ፣ የእሌኒ ልጅ፣ ደውላ የሐዘን መግለጫ ሰጠች። «አባባ፣ ክራሽ ሪፖርቱን ላክልኝ።» ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የሙከራ አብራሪ ናት። ሌላው አብራሪ የሚያበርረው መብረሩ የታወቀ አውሮፕላን ነው። እሷ የሚሰጧት መብረሩ ገና ያልታወቀውን ነው፤ ይዛው ወጥታ እንዴት እንደሆነ ትነግራቸዋለች። አሁን በባትሪ የሚሄድ አዲስ አውሮፕላን ይዘዋል፤ ከከተማው ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት የሚያስነዳ ሜዳ ላይ። ከእሱ ጋር ስድስት ዓመት ሆናት፤ ከወረቀት ላይ ሥዕል ጀምሮ።

ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ። ገና አራት ዓመቷ ሳለ እዚሁ ሰፈራችን ሬክስዴል፣ ኤርፖርቱ አጥር ጥግ ካለው ዶናት ቤት መኪና ማቆሚያ ወስጄ፣ አውሮፕላኖቹ ጎማቸውን ዘርግተው ሲወርዱ ሆዳቸውን አሳያት ነበር። እናቷ ፓርክ የሄድን ይመስላት ነበር።


ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ሃሌሉያ ምሳ ልትበላ መጣች። እሌኒ ሥራ ላይ ነበረች።

ፍሪጁን ከፍታ አይብ ልታወጣ ጎንበስ አለች። ከዚያ እንደዚያው ቀረች። የፍሪጁን በር በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እግሯን ከፍታ ቆመች፤ መርከብ ላይ እንዳለ ሰው።

«ካፒቴን፣ ፍሪጁም ይበራል እንዴ?» አልኳት።

አልሳቀችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ኢኮኖሚ ክላስ ነው፣ ቀበቶህን እሰር» ትለኝ ነበር።

በረንዳ ላይ ወጥተን ተቀመጥን። «ለማሚ አትነግራትም» አለች።

«ምኑን?»

«ያዞረኛል። ግራ ጆሮዬ ይጮኻል፣ ልክ እንደ... ኬትል። ከዚያ ይዞራል። ሦስት ጊዜ። ሁለቱ መሬት ላይ።»

ሦስተኛው የት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ራሷ ነገረችኝ።

አሁን የያዘችው ሙከራ ስፒን የሚሉት ነው። አውሮፕላኑን ወደ ላይ ወስዳ፣ ሆን ብላ ፍጥነቱን ገድላ፣ እንደ እንዝርት እያሽከረከረች ትጥለዋለች። ከዚያ ታወጣዋለች፤ ይወጣ እንደሆነ ለማወቅ። መጀመሪያ አንድ ዙር፣ ቀጥሎ አንድ ተኩል፣ እየጨመረች እስከ አራት ዙር። ባለፈው ሳምንት ከሁለት ዙር በኋላ አውሮፕላኑ ቀጥ አለ። መሣሪያዎቹ ቀጥ ብሏል አሉ። ለእሷ ግን ሰማዩ መዞሩን አላቆመም።

«ለስንት ጊዜ?»

«ፎር ሰከንድስ። ቆጥሬዋለሁ።»

«ለሐኪም ነገርሽ?»

«ከነገርኩ ሜዲካሌን፣ የመብረሪያ ፈቃዴን፣ ይወስዱታል አባባ። ዛት ኢዝ ኢት። ሦስት ፍላይት ነው የቀረኝ፤ ስጨርስ እሄዳለሁ። ፕሮሚስ አድርግልኝ።»

ቃል ገባሁላት። እየሳቅኩ። «እኔ የማውቀውን ምስጢር ሁሉ ብናገር ኖሮ ይሄ ከተማ ባዶውን ይቀር ነበር» ብዬ። ግንባሬን ሳመችኝና አይቧን በላች።

እየሳቅኩ ቃል ስገባ ይሄ የመጀመሪያዬ አይደለም።


ጥቅምት 10፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን። ስለ ጉልበቴ የጸሎት ርዕስ አስገባሁ።

የእኛ ደንብ እንዲህ ነው። በር ላይ ሳጥን አለ። እንዲጸለይልህ የምትፈልገውን ጉዳይ ጽፈህ ትከታለህ፤ ስም አይጻፍም። መሠረት፣ የጸሎት ክፍል ኃላፊዋ፣ መድረክ ላይ ወጥታ ታነባለች፤ ማታ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ትለጥፈዋለች፣ ያልመጣውም አሜን እንዲል። ምስጢሩ ፍጹም የተጠበቀ ነው። «አንድ አባት ጉልበታቸውን ያማቸዋል» ስትል አዳራሹ በሙሉ ዞሮ ጉልበቴን አየ።

ወዳጄ ሰላሙ ከጎኔ ሆኖ፣ «ጉልበትህ ከአንተ ይበልጥ ታዋቂ ሆነ» አለኝ።

«ፊርማ የሚፈልግ ካለ ሱሪዬን እሰበስባለሁ» አልኩት።

እሌኒ ከኋላ ለሴቶቹ ስታወራ ሰማኋት። «ልጄ እኮ እንደዚህ ዓይነቱን አውሮፕላን ስታበር ከሐበሻ የመጀመሪያዋ ናት።» ስንት ዓመት እኔም ይህንኑ ሳወራ ኖሬያለሁ። ዛሬ አልፌያቸው ወደ መኪናው ሄድኩ።


ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

በረራ አላት። ሁለት ዙር ተኩል።

ስትወርድ አንዲት ቃል ትልክልኛለች። «ዳውን።» ሁልጊዜ ከሰባት ሰዓት በፊት።

ሰባት ሰዓት። የለም።

ሰባት ተኩል። በበረንዳዬ አናት አልፎ አሥራ አንድ አውሮፕላን ወረደ። የሌላ ሰው ልጅ ሁሉ እየወረደ ነው።

ስምንት ሰዓት ከአምስት። «ዳውን አባባ። ባትሪ ሞቶብኝ።» የስልኩ እንጂ የአውሮፕላኑ አይደለም አለች።

ክኒኔን ዋጥኩ። ሳይነግሩኝ።


ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

መጻፍ ካልቀረ ይጻፍ።

በወጣትነቴ ጄት የምጠግን መካኒክ ነበርኩ። እያንዳንዱ አውሮፕላን የራሱ ቅጽ ነበረው። መጠነኛ ጉድለት ሲገኝ በቀይ አንዲት ሰያፍ መስመር ይሰመራል፤ ይበርራል፣ አብራሪው ግን ጉድለቱን አውቆ ይፈርማል። ከባድ ሲሆን ቀይ ኤክስ። ቀይ ኤክስ ያለበትን አውሮፕላን ጄኔራል ቢመጣ አያስነሳውም። ኤክሱን ደግሞ ማንኛውም መካኒክ ማኖር ይችላል፤ ትናንት የተቀጠረም ቢሆን። ማንም «ለምን አኖርክ?» ብሎ አይቆጣውም። ደንቡ ነው።

ይህ ለአውሮፕላኑ ነው። ለአብራሪው ቅጽ አልነበረንም።

መቶ አለቃ እዝራ የሚባል አብራሪ ነበር። እንደ እኔ ቀልደኛ፤ እኔ በማዕረግ አንሼ እሱ በቀልድ ያንሰኝ ነበር። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞት ጆሮው ተደፍኗል። እንግዶች መጥተዋል፣ የትርኢት በረራ ነው። መሰላሉ ላይ እንዳለ፣ «ባልቻ፣ ለሐኪሙ እንዳትነግርብኝ» አለኝ። «ኧረ ምን ቸገረህ፣ ሰማይ ላይ ማን ያናግርሃል!» አልኩት። ሳቀ። እኔም እየሳቅኩ መሰላሉን አነሳሁ።

የቀረውን አልጽፍም። አውሮፕላኑ ምንም አልነበረበትም። ቅጹ ንጹሕ ነበር፤ ፊርማው የእኔ። አጣሪዎቹ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ሁለት ጊዜም «ምንም አልነገረኝም» አልኩ። ለቅሶው ላይ ሚስቱ እኔን አጽናናችኝ። «ይወድህ ነበር» አለችኝ።

ይህን ለእሌኒ አልነገርኩም። ለእናቷም አልነገርኳት፤ ነፍሷን ይማር። ለሃሌሉያ ስለ እዝራ ስንት ቀልድ ነግሬያታለሁ። እዝራን ከልጅነቷ ጀምሮ በቀልዱ ታውቀዋለች። እንዴት እንደሞተ ጠይቃኝ አታውቅም፤ አሁንም ያለ ይመስላታል መሰለኝ።


ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ሦስት ዙር። «ዳውን» በሰዓቱ መጣ። አመሻሹ ላይ ራሷ መጣች።

መታጠቢያ ቤት ገብታ ከመሥሪያ ቤቷ ሰው ጋር በስልክ ስታወራ በበሩ በኩል ሰማኋት። «ኖ ኖ፣ አይም ፋይን። ጀስት ታየርድ።» ሦስት ጊዜ አለችው። እውነት የሆነ ነገር ሦስት ጊዜ አይባልም።

እሌኒ ወጥ ስታወጣ ወደ ሃሌሉያ ጠጋ አልኩና «ስንት?» አልኳት ቀስ ብዬ።

ጠረጴዛው ሥር ጣቶቿን አሳየችኝ። ሰባት።

ሰባት ሰከንድ። በዚያ ፍጥነት የሚወድቅ ነገር በሰባት ሰከንድ የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች፤ ስሌቱን በዲግሪ ነው የተማረችው።

«ይበቃል» አልኳት ስሸኛት፣ አሳንሰሩ ጋ። «ለሌላ ሰው ስጪው።»

«አንድ ነው የቀረኝ። ፎር ተርንስ። የነገ ሳምንት፣ ሐሙስ።»

«ሃሌ።»

«አባባ፣ ይሄ አውሮፕላን ናፕኪን ላይ ተስሎ ነው ያየሁት። አሁን ሌላ ሰው ይጨርሰው? አንተ ብትሆን ትሰጥ ነበር?»

በሩ ሊዘጋ ሲል እግሬን አስገባሁ። «ስለ እዝራ...» ብዬ ጀመርኩ።

«የእዝራን ቀልድ ነገ» አለችና ጉንጬን ሳመችኝ። እግሬን አወጣሁ።


ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

እንቅልፍ የለም። ምግብ የለም። እሌኒ የደም ግፊቴን ለካች። ማሽኑን ሰደብኩት።


ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

የመሥሪያ ቤቷን ስልክ ፈልጌ ትናንት ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። ደግ ድምፅ። «ማን ልበል?» አለች።

ማን ልትል? የሃሌሉያ አያት? የአያት ቃል ሰምተው ጠርተው ይጠይቋታል፤ እሷ ደግሞ «አይም ፋይን» ትላለች፣ ሦስት ጊዜ። እኔን ለዘላለም ታጣኛለች፣ ሐሙስ ግን ትበርራለች።

«ሶሪ፣ ሮንግ ነምበር» ብዬ ዘጋሁ።

ለእሌኒ ብነግራትስ? እሌኒ ታለቅሳለች፣ ሃሌሉያ ታባብላታለች። እናቷን ማባበል ከስድስት ዓመቷ ጀምራ ትችልበታለች። ሐሙስ ትበርራለች።

ጸለይኩ። ጌታ ሆይ አንተ ንገራት አልኩ። ሥራዬን ለእሱ መስጠቴ ነው፤ ድሮም ይህን እችልበታለሁ።


ጥቅምት 24፣ እሑድ

ትልቅ ስሕተት ሠራሁ። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ይጻፍ።

ስንወጣ ቸኩለን መነጽሬን ቴሌቪዥኑ ላይ ረስቼው ሄድኩ። ኪሴ ውስጥ ሁለት ወረቀት ነበር። አንዱ ለሳጥኑ፣ እንደ ልማዴ ስለ ጉልበቴ። ሌላው ለብቻዬ የምጸልይበት፣ ማንም እንዲያየው ያልጻፍኩት። ያለ መነጽር አንዱ ከሌላው አይለይም። በር ላይ ሳጥኑ ውስጥ የከተትኩት ተሳስቼ ሁለተኛውን ኖሯል።

መሠረት ማንበብ ጀመረች። ለአንድ ወንድም ሥራ። ለአንዲት እህት የመኖሪያ ፈቃድ። ቀጥላ፣ «አንዲት አብራሪ ልጅ የጆሮ ሕመም አላት፤ እየበረረች ሰማዩ ይዞርባታል። ለማንም አልተናገረችም። ሐሙስ አውሮፕላኑን አራት ጊዜ አሽከርክራ ልትጥል ነው። ጌታ ያስቁማት።»

እንደተለመደው አሜን ልንል አፋችንን ከፍተን ቀረን። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ እሌኒን አየ። በዚህ ከተማ ባሉ የእኛ ሰዎች መሐል ስንት እንዲህ ያለች አብራሪ አለች?

እሌኒ ወደ ማንም አልዞረችም። ወደ እኔ ነው የዞረችው።

ሰላሙ በጆሮዬ፣ «ባልቻ፣ ምን አደረግህ?» አለኝ። ሳልቀልድበት ተነስቼ ወደ እሌኒ ሄድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

መኪና ውስጥ እሌኒ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?» አለች።

«ሁለት ሳምንት።»

«አባዬ። ሁለት ሳምንት አብረን ራት በላን።»




ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ቴሌግራሙ ላይ መቶ አርባ አሜን። ከከተማው ዳር እስከ ዳር፣ ከሬክስዴል እስከ ስካርቦሮ፣ የማያውቅ የለም። ለሃሌሉያም በቀጥታ ይጽፉላት ጀምረዋል፤ «የኔ ማር፣ ጆሮሽን ጌታ ይዳስሰው»፣ «እናት ዓለም፣ የነጭ ሽንኩርት ዘይት ሞክሪ»።

አመሻሽ ላይ መጣች። ጫማዋን አላወለቀችም።

ሃሌሉያ ዕድሜዋን ሙሉ እኔን «አንተ» ነው የምትለኝ። እናቷ «እርስዎ በይ» ብላ ደክሟታል፤ እኔ «ተዋት፣ ያረጀሁ እንዳይመስለኝ» እያልኩ አበላሸኋት።

«ቃል ገብተውልኝ ነበር» አለችኝ።

እንዲህ አጥርታ መናገር የምትችል አይመስለኝም ነበር።

«መነጽሬን...» ብዬ ጀመርኩ። ወጣች። በሩን አልወረወረችውም። ብትወረውረው ይሻል ነበር።


ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ነፋስ የለም። ለስፒን የሚሆን ቀን።

አራት ሰዓት። እሌኒ ሥራ አልሄደችም። አታናግረኝም፤ ግን ከጎኔ ተቀምጣለች።

አምስት ሰዓት ተኩል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ። ሁለታችንም እያየነው።

ሰባት።

ሰባት ተኩል። እሌኒ እጄን ያዘች። የልብ ምቴን እየቆጠረች እንደሆነ አወቅኩ፤ ተውኳት።

ስምንት። «ዳውን» የለም።

ስምንት ሰዓት ተኩል። እዝራ፣ ስንት ዓመት ሙሉ...

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁልፍ በሩ ውስጥ ዞረ።

ሃሌሉያ ናት። በበረራ ልብሷ። ፊቷ እንደ ጨርቅ። እሌኒ እንዳቀፈቻት አልለቀቀቻትም፤ እኔ ወንበር ሳብኩላት።

ከበረራ በፊት ሁሉም ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ አለች። መሐንዲሱ ዝርዝሩን ያነባል። ነዳጅ የለም፣ ባትሪ ሙሉ፣ ከሽክርክሪቱ አልወጣ ካለ የሚዘረጋው የጅራቱ ጃንጥላ ደህና። የመጨረሻው ጥያቄ ለአብራሪዋ ነው፤ ለመብረር ብቁ ነሽ? ሦስት መቶ ጊዜ «የስ» ብላለች። ዛሬ አፏን ስትከፍት ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። አንዷ እትዬ ናት፣ ያለ ጥርጥር፤ «በዚህ ሰዓት እየጸለይን ነው» ልትላት።

«ኖ አልኩ» አለች። «በቃ። ኖ። መሐንዲሱ ዝርዝሩን ዘጋ።»

ይህን የነገረችው ለእናቷ ነው። እኔን አላየችኝም።


ኅዳር 6፣ ዓርብ

የውስጥ ጆሮ ሕመም ነው አሉ። የበረራ ፈቃዷን ወሰዱ። ምናልባት በሁለት ዓመት ይመለስ ይሆናል፤ ምናልባት ጨርሶ አይመለስም።

አራቱን ዙር ሌላ አብራሪ በረረው። ትናንት። አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስቸግር ወጣ፤ ሰውየው በሰላም ወረደ፤ ኬክ ቆረሱ። ሃሌሉያ ቪዲዮውን ለእናቷ አሳየቻት፤ እኔ ከኋላ ሆኜ አየሁ። የሚያምር ነገር ነው። ወረደ፣ ዞረ፣ ቀና አለ።

«ሲ?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «እኔም እችለው ነበር።»

ይህን እሷም እኔም መቼም አናውቀውም። የእዝራን አወቅኩ፤ የእሷን አላውቅም። ትሞት እንደነበር ባውቅ ኖሮ እተኛ ነበር። የዚህን ዓይነት ምኞት የሚመኝ አያት አይታችኋል?


ኅዳር 15፣ እሑድ

ሃሌሉያ አፓርታማዋን ትታ ወደ እኛ ገባች፤ ለጊዜው። ቀን ቀን በረንዳ ላይ ትቀመጣለች፤ ሲወርዱ ቀና ብላ አታያቸውም። በድምፃቸው ብቻ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ትነግረኛለች፤ በቀኝ ጆሮዋ።

ዛሬ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ስለ እዝራ ሁሉንም ነገርኳት። የመሰላሉን ጭምር።

«ወረቀቱን ግን» አለች በመጨረሻ፣ «ተሳስተህ ነው አይደል? ማሚ ብላኛለች። መነጽርህን ረስተህ።»

«አዎ» አልኳት።

«ኦኬ።» ትከሻዬ ላይ ራሷን ጣለች። «አክሲደንት ከሆነ እችለዋለሁ። ሆን ብለህ ቢሆን ኖሮ አልችልም ነበር አባባ።»

«አንተ» ብላኛለች።


ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

አሁን ጊዜ አላትና አማርኛ ማንበብ አስተምረኝ አለች። መጽሐፍ ላምጣ ብላት እንቢ አለች፤ «የአንተን ደብተር ነው የምፈልገው፣ ቀልዶችህ እዚያ ናቸው።» ሳልሰጣት ዞር ብል ወስዳ ጀምራለች።

በቀን ሁለት መስመር ታነባለች። ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ። ዛሬ የመጀመሪያውን መግለጫ ጨረሰች፤ «በ-ገ-ዛ ባለ-ቤቱ መቀ-መጫ» ላይ ስትደርስ ሳቀች። ከሐሙሱ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ።

አሰላሁት። በዚህ ፍጥነት እዚህ ገጽ ላይ የምትደርሰው በሰኔ ነው። እስከዚያ ገጹን ቀድጄ ልጥለው እችላለሁ። ግን መካኒክ ቅጽ አይቀድድም።

እንግዲህ ካፒቴን፣ እዚህ ስትደርሺ ቀስ ብለሽ አንብቢ። በዚህ ደብተር ውስጥ ከራሴ የፈጠርኩት አንድ ነገር አለ፤ የጥቅምት 24ቱ። መነጽሬን ቴሌቪዥኑ ላይ አልረሳሁትም። ሳጥኑ ጋ ስቆም አፍንጫዬ ላይ ነበር፣ ከነጥቁር ፕላስተሩ፤ ከዚያ ማንም ሳያይ ኪሴ ከተትኩት። ስለ ጉልበቴ የጻፍኩት በግራ ኪሴ፣ ያንቺ በቀኝ ነበር፤ ግራና ቀኜን ደግሞ አውቃለሁ። ያንቺን ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ፤ መሠረት ስታነብ እንዳትደናቀፍ ፊደሉን አተልቄ። ሳጥኑ ጋ ቆሜም አንዴ ደግሜ አነበብኩት።

ይቅር ያልሽኝ ስሕተቱን ነው። ስሕተት አልነበረም። ያንን ወረቀት የጻፍኩትም በቀይ ነው።